ረጅም ክንፍ በጠባብ መንገድ

በአዳማ አካባቢ በኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ክንፎች ያየ ሰው፣ «ይህን ያህል የረዘመ ነገር እንዴት እዚያ ደረሰ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ተርባይን ሦስት ክንፍ ስላለው፣ በመኪና ተጭነው ወደ ኮረብታው የወጡት ክንፎች 306 ናቸው። የአንዱም ርዝመት ከ35 ሜትር ይበልጣል።

መሐንዲሶች ክንፍን ለማስረዘም የሚደክሙት ያለ ምክንያት አይደለም። የክንፉ ርዝመት እጥፍ ቢሆን፣ ሲሽከረከር የሚያካልለው ክበብ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከነፋሱ የሚገኘውም ኃይል በዚያው መጠን ያድጋል። መንገድ ግን ከክንፍ ጋር አብሮ አያድግም። ክንፉ በጣም ከረዘመ በመታጠፊያ ላይ አይዞርም፤ ሥሩ በጣም ከወፈረም ከድልድይ በታች አያልፍም።

ለዚህ ችግር ሁለት ዐይነት መፍትሔ አለ። አንደኛው ማጓጓዣውን መለወጥ ነው። በተራራማ አገር የሚሠሩ አንዳንድ የጭነት መኪናዎች የክንፉን ሥር አጥብቀው ይይዙና ጫፉን ወደ ሰማይ ያነሡታል፤ መታጠፊያውን ካለፉ በኋላ መልሰው ያስተኙታል። ሁለተኛው ክንፉን ራሱን ከፋፍሎ መሥራት ነው። ኤነርኮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቆመው ታላቅ ተርባይን ላይ ይህንኑ አድርጓል። የእያንዳንዱ ክንፍ የውስጥ ክፍል ከብረት፣ የውጭው ክፍል ከፋይበር ግላስ ተሠርቶ ለየብቻ ከተጓጓዘ በኋላ፣ ሁለቱ በተከላው ቦታ በብሎን ተጋጠሙ።

ይሁን እንጂ መጋጠሚያውን የት ማድረግ ይሻላል? ነፋስ ክንፉን ሲገፋው ከሁሉ የበለጠው ጫና የሚያርፈው በሥሩ ላይ ነው። ስለዚህ መጋጠሚያው ወደ ሥሩ ቢቀርብ ብሎኖቹ ከባድ ጫና ይሸከማሉ። ወደ ጫፉ ቢርቅ ጫናው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከርዝመቱ የሚቀነሰው ጥቂት ስለሚሆን የመንገዱ ችግር አይቃለልም። በዚያ ላይ የብሎኖቹ ክብደት ከሥሩ በራቀ ቁጥር ክንፉን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። እንግዲህ የነዳፊው ብልሃት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚበጀውን ቦታ መምረጥ ነው።

በባሕር ላይ ለሚተከሉ ተርባይኖች ይህ ጭንቀት ያን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በፈረንሣይ በሼርቡር ወደብ የተሠራው ክንፍ 107 ሜትር ነበር፤ ከወደቡ በመርከብ ሊጓዝ ይችላልና። ወደብ ለሌለው ደጋ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተራራው አናት ላይ መልካም ነፋስ ቢኖርም፣ ወደዚያ ሊደርስ የማይችል ክንፍ ለአንዲት ጎጆ እንኳ ብርሃን አይሰጥም። ስለዚህ ተማሪዎች፣ አንድ መሣሪያ ሲነደፍ የሚሰጠው አገልግሎት ብቻ ሳይሆን የሚጓዝበትም መንገድ አብሮ እንደሚታሰብ አስተውሉ።