ለፑሪም የእቴጌ ጣይቱ ልብስ

ልጃችሁ የኃይሌ ገሪማን «አድዋ» (1999) አይታ ለፑሪም እቴጌ ጣይቱን ልምሰል ካለቻችሁ፣ ለናይለን ታሕፖሴት ገንዘብ አታውጡ። ከጎንደር ያመጣችሁት ጥልፍ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ አለ። እሱን ግን እንዳትቆርጡት! ልኩንና ስፌቱን አይታችሁ ከርካሽ ነጭ ጥጥ ስፉላት፤ ወገቡን በመቀነት እሰሩ።

የሚያስቸግረው ነጠላው ነው። በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የሚገቡ ሴቶች መስቀለኛ ሲያጣፉ ታያላችሁ፤ ያ የክርስቲያኖች ሥርዓት ነው። ጥለቱ ወደ ፊት ከዞረ ደግሞ ለቅሶ ነው። ይህን ፊልም አያስተምርም፤ አያቷ ያልብሷት።

የቀሚሱን ጫፍ በሰፊው እጠፉት፤ ሕሽቫን 29 ቀን ለስግድ ስትወጡ ልጅቷ አድጋ ትጠብቃችኋለች።