ይቅርታው የት ገባ?

የምትወዱት ሰው ድንገት ዝም ቢላችሁ ምን ታስባላችሁ? «ንቆኛል፣ ወይ ሌላ ይዟል» አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። በዚህ ሐሳቤ የሰው ትዳር ላፈርስ ነበር!

አንዲት ወዳጄ እጮኛዋ አሜሪካ ነው የሚኖረው። የላከላትን አይፎን ሁለት ዓመት ተጠቀመችበት። አንድ ቀን ከታክሲ ስትወርድ ወደቀባትና ድርግም አለ፤ በቃ አልበራም። ሲም ካርዷን አውጥታ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ከተተች። በዚያው ሰሞን ደግሞ በሠርጉ ወጪ ተጣልተው ነበር። «ጥፋቱ የሱ ነው፤ እሱ ይጻፍልኝ» ብላ ጠበቀች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት... ምንም!

እያለቀሰች መጣችብኝ። እኔ አዋቂዋ፣ «እርግፍ አድርገሽ ተይው፤ ቢፈልግሽ ይጽፍልሽ ነበር» አልኳት። ቀለበቷን አወለቀች።

ደግነቱ ቀለበቱን የወሰደችው እዚሁ አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ነበር። እህትየው ገና ስታያት፣ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ወንድሜ ይቅርታ ብሎ ብሎ ደከመው እኮ! ምን ብታስቀይሚው ነው መልስ እንኳ የነፈግሽው?» አለቻት። ለካስ ሲጽፍላት ከርሟል! «መልስ የነፈገችኝ ስልኬን ታነሳለች?» ብሎ ፈርቶ አልደወለም።

ታዲያ ያ ሁሉ ይቅርታ የት ገባ? ነገሩ እንዲህ ነው። አይፎን ለአይፎን ሲጻጻፍ መልእክቱ በተራው ኤስኤምኤስ አይሄድም። አፕል በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይሜሴጅ በሚባል የራሱ መንገድ፣ በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ቀለሙም ሰማያዊ ነው፤ ወደ አንድሮይድ ሲሄድ ግን አረንጓዴ ይሆናል። የወዳጄ ቁጥር እዚያ መዝገብ ላይ ሳይሰረዝ ስለቀረ፣ የልጁ ስልክ አሁንም አይፎን የያዘች መስሎት ይቅርታውን ለተሰበረው ስልክ ይልክ ነበር። ልብ ብሎት ቢሆን ከሰማያዊዎቹ መልእክቶች ሥር «ዴሊቨርድ» የሚለው ቃል አልነበረም።

እንግዲህ ስልክ የምትቀይሩ ሁሉ ስሙኝማ!

• ሲሙን ከአይፎኑ ከማውጣታችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ አይሜሴጅን አጥፉ።

• አይፎኑ ከተሰበረ ወይም ከተሸጠስ? አፕል ለዚሁ ጉዳይ በ2014 እ.ኤ.አ. የከፈተው የኢንተርኔት ገጽ አለ። ቁጥራችሁን ስታስገቡ 6 አሃዝ ያለው ኮድ በኤስኤምኤስ ይላክላችኋል፤ እሱን መልሳችሁ ስትሞሉ ቁጥራችሁ ይሰረዛል።

• ቴሌግራምና ዋትስአፕ የስልክ ዓይነት አይመርጡም፤ አንዱን በመጠባበቂያነት ያዙ።

ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፕል አርሲኤስ የሚባለውን አሠራር ስለተቀበለ፣ የስልክ ኩባንያው ከፈቀደ በአይፎንና በአንድሮይድ መካከል ፎቶ ጥራቱን ሳያጣ ይሄዳል። የቆየ ምዝገባን ግን በራሱ አይሰርዝም።

የጠፉት መልእክቶች ወደ አዲሱ ስልኳ አልመጡም። እህትየው እዚያው ደወለችለትና ልጁ ይቅርታውን በአፉ ደገመው። ቀለበቱም ወደ ጣቷ ተመለሰ።

እኔስ? አሁን ሰው «ዝም አለኝ» ብሎ ሲመጣ «ተወው» አልልም፤ «ደውለህ ጠይቀሃል ወይ?» ነው የምለው።

ቸር ይግጠመን!