የእንስሳትን ጠባይ ማጥናት እንጀራ ይሆናል?



በየዓመቱ ባዮሎጂ የደረሳቸው ወንድምና እህቶቻችን «ሥራ የለውም» ሲባሉ ያዝናሉ። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም እንዲሁ ብለናቸዋል፤ ተሳስተናል። ካርል ቮን ፍሪሽ ንቦች አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ እንደሚነጋገሩ አሳይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሎሬንዝና ከቲንበርገን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ከሺህ ዓመት በፊት ደግሞ የበስራው አል-ጃሒዝ «ኪታብ አል-ሐየዋን»ን ጽፏል።

መንገዱ ይህ ነው፦ በባዮሎጂ፣ በእንስሳት ሕክምና ወይም በዱር እንስሳት ጥበቃ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ ቀጥሎ የመስክ ጥናት ያለበት ማስተርስ። የባሌ ቀይ ቀበሮና የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ከውጭ አገር ሳይቀር ተመራማሪ ይስባሉ፤ አገሩንና ቋንቋውን የምናውቀው ግን እኛ ነን። ስታቲስቲክስንም አንናቅ፤ በመስክ የታየው ሁሉ መጨረሻው ቁጥር ነውና።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን፣ በየ5 ደቂቃው እያንዳንዷ እርግብ የምታደርገውን እንመዝግብ፦ ትበላለች፣ ታርፋለች፣ ትጣላለች። ተመራማሪዎችም ጭላዳን የሚመዘግቡት በዚሁ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ባዮሎጂ ለደረሰው ወንድማችን ከማዘን፣ ደብተር ይዘን አብረነው እንቀመጥ።