የማትበር አውሮፕላን እንዴት ይጓጓዛል? የ«ፀሐይ» ነገር

ከአሰላ ጮሌ ዕቃ አስጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ቶሎ ይረዳዋል። ቁም ሳጥኑ በሰላም አይሱዙ ላይ ይወጣል፤ ሲወርድ መስታወቱ ተሰንጥቋል። ሾፌሩ «መንገዱ ነው» ይላል፣ ጫኙ «አስተሳሰሩ ነው» ይላል። እሺ፣ አሁን በቁም ሳጥኑ ቦታ 90 ዓመት የተጠጋት አውሮፕላን አስቡ።

«ፀሐይ» በ1935 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እዚሁ አገራችን የተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሥራውን የመራው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ነው፤ አብረውት የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ስሟ የተወሰደው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ልዕልቷ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረች፣ ወደ አገሯ ተመልሳም በ1942 በወጣትነቷ ያረፈች ናት። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል መጀመሪያ በእሷ ስም ነበር የሚጠራው። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም፣ እኔም በቅርብ ነው የሰማሁት።

አውሮፕላኗ በተሠራችበት ዓመት ጣሊያን ወረረን። የእነሱ ቦምብ ጣዮች ደሴን ሲደበድቡ የኛ አየር ኃይል ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች ነበሩት፣ እነሱም ለመልእክትና ለሰው ማመላለሻ የሚሆኑ እንጂ ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም። አዲስ አበባ ስትያዝ «ፀሐይ»ም ተማረከች። በኋላም ኑሮዋ ከሮም በስተሰሜን ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ሆነ።

በ1947 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ስምምነት ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የታሪክ ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። አስራ ስምንት ወር! የአክሱም ሐውልት የመጣው በ2005 ነው። «ፀሐይ»ን ደግሞ በይፋ ያስረከቡን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ በአስተርእዮ ማርያም ቀን።

ወደ ጭነቱ እንምጣ። አሮጌ አውሮፕላን ሞተር አስነስቶ አይመጣም። መጀመሪያ ክንፎቹ ይፈታሉ፤ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደወጣ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ለየአካሉ የሚሆን የእንጨት ወይም የብረት አልጋ ይሠራለታል። ዋናው ነገር ክብደቱ በትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ነው። አውሮፕላን አየር ላይ ሲሆን ክንፉ ይሸከመዋል፣ መሬት ላይ ሲሆን ጎማው፤ በሌላ ቦታ ከደገፋችሁት ይጣመማል። የዚያ ዘመን ትናንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ የእንጨት፣ የብረት ቱቦና ቀለም የተቀባ ጨርቅ ውጤት ስለሆኑ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር አይቻልም።

የአክሱም ሐውልት ችግር ሌላ ነበር። 160 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ሦስት ቦታ ተከፍሎ በግዙፉ አንቶኖቭ 124 በሦስት በረራ መጣ። ማለዳ እንዲያርፍ የተደረገው ያለምክንያት አይደለም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይብስበታል፤ ለከባድ አውሮፕላን ደግሞ ይህ አደጋ ነው።

ለእኔ ግን ከጉዞው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከደረሰች በኋላ ያለው ነው። ጮሌ ያደገ ሰው ያውቃል፦ በክረምት የእንጨት በር ያብጥና አልዘጋ ይላል፣ በበጋ ይሸማቀቅና ንፋስ ያስገባል። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ይተፋል። ጣሊያን አገር ከ80 ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለ ከተማ ሲመጣ እንጨቱ ሊሰነጠቅ፣ ቀለሙ ሊቀረፍ ይችላል። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ጨርቅ ታነጣለች፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የረሳችሁትን ልብስ ጠይቁት። ስለዚህ ጣራና አጥር ብቻ አይበቃትም። እርጥበቱ የሚለካበት፣ ብርሃኑ የተመጠነ ክፍል፣ በየጊዜው የሚመረምራትም ባለሙያ ያስፈልጋታል።

ይህ ቅንጦት አይደለም። አሜሪካኖች ሜምፊስ ቤል የተባለችውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ በ2005 ወደ ኦሃዮ ወስደው፣ አድሰው ለሕዝብ ያሳዩት በ2018 ነው። ለዓመታት ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ደጅ ቆማ ስለነበር ዝናብና ሰው ጨርሰዋት ነበር። ሰው ስል ዕቃ እየነቀለ ለማስታወሻ የሚወስደውን ነው።

«ፀሐይ»ን የማየት ዕድል ካገኛችሁ ሴልፊ መነሳት መብታችሁ ነው፤ እጃችሁን ግን አታሳርፉባት፣ የጣት ላብና ቅባት ጨርቅና ቀለም ይበላል። አንድ ነገርም ጠይቁልኝ። በየዜናው የሚነሳው የቬበር ስም ብቻ ነው። መዶሻ ያቀበሉት፣ ብረት የበየዱት፣ ጨርቅ የወጠሩት ኢትዮጵያውያን ስማቸው የት ነው የተጻፈው?