በፎቶ ላይ የጠቆረ መነጽር፦ እውነት ወይስ ተረት?

በምርቃትና በሠርግ ቀን ቤተሰቡ ደጅ ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። ፀሐይ ላይ የሚጠቁር ፎቶክሮሚክ መነጽር ያደረጉ አባት ካሉ የሁሉም ዓይን ሲታይ የእሳቸው ብቻ ይሸፈናል። «ግድ የለም፣ በኤዲቲንግ ይስተካከላል» ይባላል። የሚስተካከል አለ፤ የማይስተካከልም አለ።

ተረት፦ መነጽሩን የሚያጠቁረው ፍላሽ ነው።
እውነት፦ የሚያጠቁረው በዋናነት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ፍላሽ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ለማጥቆር ጊዜ የለውም። ደጅ የወጣ መነጽር ግን በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጠቁራል፤ ጥላ ውስጥ ገብቶ እስኪነጣ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። በብርድ ጊዜ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ለመንጣትም ይዘገያል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ጨረሩ ብርቱ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ችግሩ ይጎላል።

ተረት፦ ጎበዝ ኤዲተር ማንኛውንም ጥቁር መነጽር ያነጣል።
እውነት፦ ኤዲተር የሚያወጣው ካሜራው የያዘውን ብቻ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ሽፋሽፍቱና የብሌኑ ጠርዝ በደብዛዛውም ቢሆን ከታዩ ተስፋ አለ፤ ሌንሱን ብቻ በማስክ ለይቶ በከርቭስ ማፍካት፣ ከዚያም ግራጫውን ወይም ቡናማውን ቅልም ከፊቱ ቆዳ ጋር ማስማማት ነው። ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ፣ እዚህ ላይ ይረዳል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ ባለ14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ሁሉም ጠቁሮ ከጠፋ ግን የሚወጣ ነገር የለም።

ተረት፦ ዓይኑ ካልታየ ከሌላ ፎቶ መለጠፍ ወይም በኤአይ መሙላት ያው ነው።
እውነት፦ ያው አይደለም። የሩቅ ማየት ችግር ላለበት ሰው የሚታዘዝ መነጽር ዓይንን ያሳንሳል፤ በሌንሱ ውስጥ የሚታየው የጉንጭ መስመርም ወደ ውስጥ ይሰበራል። ያለ መነጽር የተነሣ ዓይን እዚያ ላይ ሲለጠፍ ፊቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ኤአይ ደግሞ ያማረ ዓይን ይሥላል እንጂ የአባትን ዓይን አያውቀውም። ልጆች ነገ አባታቸውን የሚያስታውሱበት ፎቶ ላይ የፈጠራ ዓይን ማስቀመጥ ትልቅ በደል ነው።

ተረት፦ ነጸብራቅም ጥቁረትም መፍትሔው አንድ ነው።
እውነት፦ ነጸብራቅ ከላይ የተደረበ ብርሃን ነው፤ አገጭን ትንሽ ዝቅ በማድረግ፣ መብራቱን ከፍ በማድረግ ወይም የመነጽሩን እጀታ ከጆሮ ላይ በጥቂቱ በማንሣት ይሸሻል። በካሜራው ሌንስ ላይ የሚገጠም ፖላራይዘር ማጣሪያም ሊቀንሰው ይችላል። ጥቁረትን ግን ከእነዚህ አንዱም አያስለቅቅም።

ተረት፦ ለአሜሪካ ቪዛ የጠቆረውን መነጽር አንጥቶ ማቅረብ ይቻላል።
እውነት፦ ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር፣ በአሜሪካ የቪዛና የፓስፖርት ፎቶ ላይ መነጽር አይፈቀድም፤ መልክን በኤዲቲንግ መለወጥም እንዲሁ። ስለዚህ የዲቪ ሎተሪ አመልካችም መነጽሩን አውልቆ ይነሣ።

ዋናው ሥራ ያለው ከኤዲቲንግ በፊት ነው። ፎቶ አንሺው መነጽር ያደረጉትን አስቀድሞ ጥላ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ሰልፉ ሲሞላ መጨረሻ ይጥራቸውና ቶሎ ያንሣ። ከተቻለ የቡድኑም ፎቶ ጥላ ውስጥ ይሁን። ዓይናቸው መታየቱን በካሜራው ላይ አጉልቶ ሳያረጋግጥ ሰልፉን አይበትን።