ዝምድናና ትእዛዝ በታንዛንያ

ከባዕድ ቀንበር የወጣ ሕዝብ ሰንደቅ ዓላማውን በአንዲት ሌሊት ይለውጣል፤ ባዕዳኑ ትተውለት የሄዱትን የአገዛዝ ልማድ መለወጥ ግን የብዙ ዘመን ድካም ይጠይቃል። ይህንም ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው የታንዛንያ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። (ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ታንጋኒካ በመጀመሪያ በጀርመን፤ በኋላም በእንግሊዝ እጅ ቈይታ በ1961 ዓ/ም ነጻ ወጣች፤ በ1964 ዓ/ም ደግሞ ከዛንዚባር ጋር ተባብራ ታንዛንያ ተባለች። መሪዋ ጁሊየስ ኔሬሬ የባላባት ልጅና የትምህርት ቤት አስተማሪ ስለ ነበሩ፤ ሕዝቡ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ምዋሊሙ» ይላቸው ነበር፤ መምህር ማለት ነው።

መምህሩ ያስተማሩት ሐሳብ «ኡጃማአ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ዝምድና ወይም ቤተ ሰብነት ነው። አፍሪቃዊ ቀድሞ በዘመዶቹ መካከል መሬቱን በኅብረት ይዞ፤ ሥራውን ተጋግዞ፤ ያለውን ተካፍሎ ይኖር ነበርና፤ ይህን ልማድ ወደ አገር ሁሉ ማስፋት እንጂ ሶሻሊዝምን ከባዕድ መበደር አያስፈልግም ይሉ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ/ም በአሩሻ በወጣው ዐዋጅ ባንኮች የመንግሥት ሆኑ። ሹማምንትም ቤት እንዳያከራዩ፤ በኩባንያ አክሲዮን እንዳይኖራቸው፤ ሁለት ደመወዝ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። ይህ ክልከላ ምን ያህል እንደ መረራቸው ቤት የሚያከራይ አንባቢ ከራሱ ሊገምተው ይችላል።

ሐሳቡ በትምህርት በተሰበከበት ስፍራ ፍሬ አፍርቷል። ከ120 የሚበልጡ ነገዶች ያሉባት አገር በስዋሂሊ ቋንቋ ተግባባች፤ ጐልማሶችና ሽማግሌዎችም ፊደል ቈጠሩ። ኔሬሬ ራሳቸው ከሼክስፒር ድርሰቶች ሁለቱን ወደ ስዋሂሊ መልሰዋል።

ይልቁንም ሊታሰብ የሚገባው የሩቩማ ገበሬዎች ነገር ነው። በደቡብ በኩል፤ በሶንጌያ አቅራቢያ፤ ከዐዋጁ አስቀድሞ ገበሬዎች ማንም ሳያስገድዳቸው በየመንደሩ ተሰብስበው በኅብረት ያርሱ፤ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያቆሙ፤ የሥራውን ድልድል በጉባኤ ይወስኑ ነበር። ኔሬሬ በጽሕፈት ያመለከቱትን ዝምድና እነዚህ ገበሬዎች በሥራ ፈጽመውት ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የራሱን ጉዳይ ራሱ የሚወስን ገበሬ ለአውራጃው ሹማምንት አልተመቻቸውም። በመስከረም 1969 ዓ/ም የገዥው ፓርቲ ማእከላዊ ኮሚቴ ማኅበሩን አፈረሰው፤ ንብረቱም ተወሰደ። መምህሩም ይህ ሲሆን አላስጣሉትም።

ከዚህ በኋላ ዝምድናው ትእዛዝ ሆነ። በ1973 ዓ/ም መጨረሻ ገበሬ ሁሉ እስከ 1976 ዓ/ም ድረስ በመንደር ተሰብስቦ እንዲኖር ተወሰነ። ሚሊዮኖች በካሚዮን ተጭነው ተዛወሩ፤ አንዳንዱም እንዳይመለስ ጎጆው ተቃጠለ። ገበሬውም ከተከላቸው ዛፎች ራቀ። የካሹ ለውዝ ምርት በ1973 ዓ/ም አካባቢ ከ140 ሺህ ቶን በላይ የነበረው፤ ከዐሥር ዓመት ጥቂት አልፎ ከ20 ሺህ በታች ወረደ። የዛፍ በሽታና የዋጋ ማነስ ለዚህ ድርሻ እንዳላቸው አይካድም፤ ድርቁም የነዳጅ ዋጋ መወደድም አገሪቱን በዚያው ዘመን ጐድተዋታል። ቢሆንም ዛፉን የሚጠብቀው ሰው ከዛፉ ተለይቶ ነበር። በአገራችንም ከ1985 ዓ/ም ጀምሮ የተደረገውን የመንደር ምሥረታ የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ያስተውለዋል።

የሚያስገርመው ይህ ነው። እንግሊዞች በዚያው አገር በኡሉጉሩ ተራራ ገበሬውን እርከን ሥራ ብለው በሕግ ቢያስገድዱት በ1955 ዓ/ም ሁከት ተነሣባቸው፤ የኔሬሬ ፓርቲ ታኑም ኀይል ያገኘው በእንዲህ ያለው ምሬት ነበር። ገበሬው ከሃያ ዓመት በኋላ ትእዛዙን ከራሱ ወገን፤ በራሱ ቋንቋ ሰማው፤ ትእዛዝ አወጣጡ ግን ያው የእንግሊዙ የአውራጃ ገዥ አወጣጥ ነበር።

ኔሬሬ በ1985 ዓ/ም ማንም ሳያስገድዳቸው የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ለቀቁ፤ በ1999 ዓ/ም ዐርፈው በትውልድ መንደራቸው በቡቲያማ ተቀበሩ። በ1991 ዓ/ም ፓርቲው በዛንዚባር ተሰብስቦ የሹማምንቱን ክልከላ ስላላላው፤ ሹም ዛሬ ቤቱን ያከራያል። ታንዛንያ የሶሻሊዝም አገር ናት የሚለው ቃል ግን በ1977 ዓ/ም ሕገ መንግሥት ውስጥ እስከ ዛሬ ሳይፋቅ ተጽፎ ይነበባል።