የቀጨኔ ጋንና ረቂቁ ዓለም፦ ስለ ኳንተምና ስለ ሕያዋን የሚነገር ተረትና እውነታ

ኳንተም የሚባለው ትምህርት በሩቅ አገር፣ በተዘጋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ የሚኖርና ለተራው ሰው ዐይን ባዕድ የሆነ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ ሥር ሰድዶ ይታያል። ነገር ግን ከእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች የደረቀውን ጋንና ጀበና ደርድረው እሳት ሲለቁበት፣ ፍሙ በመጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ እያደላ ሲሄድ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ትምህርት የተወለደበትን ጥያቄ ሳያውቀው በዐይኑ አይቶታል። የጋለ አካል በሙቀቱ ልክ መልኩን የሚለውጠው ስለ ምን እንደ ሆነ የቀደመው ፊዚክስ መልስ ቢያጣለት፣ የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ በበርሊን፣ የጋለው አካል ኀይሉን እንደሚፈስ ውሃ ሳይሆን እንደ እህል ፍሬ እየቆጠረ ይሰጣል ብሎ ተነሣ፤ ያ የተቆጠረ ፍሬ ነው ኳንተም የተባለው።

ሁለተኛው ተረት ከፊተኛው ይልቅ ይከፋል፤ ኳንተም የሚለውን ቃል እንደ ክታብ አንገት ላይ የማንጠልጠል ልማድ ነውና። የአንዱ ሐሳብ በሩቅ ያለውን ሌላውን ይፈውሳል፣ ወይም ዐይኑ ይጎዳል፣ ይህም ሁሉ የ«ተሳሰሩ ቅንጣቶች» ሥራ ነው ይባላል። የተሳሰሩ፣ ማለትም ተራርቀውም ጠባያቸው የተያያዘ ቅንጣቶች በእርግጥ አሉ፤ ነገር ግን በእነርሱ መተሳሰር ብቻ መልእክትም ሆነ ኀይል ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ እንደማይቻል ራሱ ትምህርቱ ይደነግጋል። የቀጨኔን ስም አንሥቼ ይህን በዝምታ ማለፍ አይሆንልኝም፦ የዚህ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል፤ ጋኑን በደስታ ገዝቶ ጠላውን የጠጣ ሰው፣ የጋኑን ሠሪ ግን ሸሽቷታል። ያን ሐሜት ዛሬ የሳይንስ ካባ ደርቦ ማቆም፣ በድሮው በደል ላይ አዲስ በደል መጨመር ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ ሕያው አካል ሞቃትና እርጥብ፣ ሁከትም የበዛበት ስለ ሆነ የኳንተም ረቂቅ ጠባይ በውስጡ ፈጽሞ አይጸናም የሚሉ አሉ። አባባላቸው ከሞላ ጎደል ማስተዋል አለበት፤ ፈጽሞ ሲሉ ግን ይስታሉ። የፊዚክስ ሊቁ ኤርዊን ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1943 በደብሊን ባሰሙትና በሚቀጥለው ዓመት «ሕይወት ምንድን ነው?» ብለው በመጽሐፍ ባወጡት ንግግር፣ ዘር ከአባት ወደ ልጅ ሳይበላሽ መተላለፉ ራሱ አቶሞችን በሚያያይዘው የኳንተም ሕግ እንደሚጸና አስተምረው ነበር።

የተቃዋሚዎቹ ጥንቃቄ ዋጋ ያገኘበት ስፍራ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ በርክሊ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ እንደ ቅጠል በብርሃን ከሚኖር አረንጓዴ ባክቴሪያ የተወሰደ የብርሃን መቀበያ ፕሮቲንን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዘው ሲመረምሩ፣ የብርሃኑ ኀይል በብዙ መንገድ በአንድ ጊዜ እንደ ማዕበል የሚጓዝ የሚመስል ምልክት አገኙ፤ ወሬውም ዕፅዋት ሁሉ የኳንተም ሒሳብ ያሰላሉ እስከ መባል ደረሰ። ኋላ ግን ምልክቱ በአብዛኛው የሞለኪውሉ ንዝረት እንደ ነበረ ብዙዎቹ ሊቃውንት ተስማሙ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ብርሃንን የሚቀበለው ፍሬ በፍሬ መሆኑ ራሱ ከፕላንክ ትምህርት የበቀለ እውነት ስለ ሆነ፣ የቀረው ጌጥ ባይጨመርበትም አይጎድልበትም።

አሁን ወደ ጋኑ ውስጥ እንግባ፤ በእኔ ፍርድ ጠንካራው ማስረጃ ያለው እዚያ ነውና። በወይራ በታጠነው ጋን ጌሾና ብቅል ተገናኝተው ድፍድፉ ሲፈላ፣ እርሾ የተባለው ደቂቅ ፍጥረት ስኳሩን ደረጃ በደረጃ ይፈታና፣ በመጨረሻ አንድ የሃይድሮጂን አቶም ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው ሲሻገር አልኮል ይወለዳል። የሚያሻግረው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ተራራ ያለ የኀይል ግርዶሽ ቆሟል፤ ከቀጨኔ ተነሥቶ ሱሉልታ ሊደርስ የሚሻ ሰው እንጦጦን መውጣት ግድ እንደሚሆንበት፣ አቶሙም በሙቀት ብርታት አናቱን መውጣት ነበረበት። ኳንተም ግን፣ አቶሙ ቅንጣት ብቻ ሳይሆን ማዕበልም ስለ ሆነ፣ ሳይወጣ ከወዲያ ማዶ ሊገኝ ይችላል ይላል፤ የሚቆፈር ዋሻ ግን የለም፣ ፈረንጆቹ ይህን መሻገር በዋሻ ማለፍ ብለው መጥራታቸው ብዙ ሰው አሳስቷል።

ይህ በእርግጥ እንደሚሆን በምን ይታወቃል? በክብደት። ሃይድሮጂን ሦስት ዓይነት ነው፤ ክብደታቸውም እንደ 1፣ እንደ 2 እና እንደ 3 ይቆጠራል። ተራራ የሚወጡ ቢሆን ኖሮ፣ ከባዱ ከቀላሉ ምን ያህል እንደሚዘገይ የቀደመው ስሌት ወሰን አበጅቶለት ነበር። ማዕበልነት ግን ክብደት ሲጨምር ፈጥኖ ይከስማል። የኬሚስትሪ ሊቋ ጁዲት ክሊንማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የእርሾውን ኢንዛይም ወስደው፣ ሌላ ዓይነት አልኮል ሰጥተው ፍጥነቱን ቢለኩ፣ በክብደቶቹ መካከል የታየው ልዩነት ከዚያ ወሰን አልፎ ተገኘ፤ ይህም በበረዶ ሳይሆን ጠላ በሚፈላበት ዓይነት ሙቀት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ኢንዛይሙ የተበጀው ለዚህ መንገድ ሲባል ነው ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው፤ ሃይድሮጂን ኢንዛይም በሌለበትም ኬሚካዊ ለውጥ እንዲሁ ሲሻገር ታይቷልና። ስለዚህ በሊቃውንቱ መካከል የቀረው ክርክር፣ ኢንዛይሙ ሰጪውንና ተቀባዩን ምን ያህል ያቀራርባቸዋል፣ ከሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ የእርሱ ድርሻ የትኛው፣ የሃይድሮጂኑ ባሕርይ የትኛው ነው የሚል ሆኗል።